ምግብን አየር አውጥቶ ማሸግ

ምግብን አየር አውጥቶ ማሸግ (ቫኪዩም ማሸግ) የፕላስቲክ ከረጢትን አየር በፓምፕ መጥጦ አፉን በሙቀት መዝጋት ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ሻጋታ ለመራባት ይቸገራል፤ ቅባትም ቶሎ ጠረኑን አይለውጥም። ስለዚህ ለሽሮ፣ ለቋንጣና ለበርበሬ ይስማማል። በርበሬው አስቀድሞ ሻግቶ ከነበረ ግን አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ በማሸግ አይጠፋም።

የተቆላ ቡና ጠባዩ ሌላ ነው። ፒያሳ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና ከሚቆላው ከቶሞካም ሆነ ከቤት ምጣድ የወጣ ትኩስ ቡና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ጥብቅ ከረጢትን ይነፋል፤ ጋዙን የሚያስወጣ ቫልቭ ያለው ከረጢት ይሻለዋል።

ዋናው አደጋ እርጥብ ምግብ ላይ ነው። ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚያድገው ኦክስጅን በሌለበት ስለሆነ፣ የታሸገ ወጥ ወይም ጥሬ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጭ አይቀመጥም፤ ለብዙ ጊዜ የሚቆየው በ−18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በረዶ ይደረጋል። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም።