የሃቫና 12 ወንበሮች

ሃቫናን የሚጎበኝ ሰው ማታ ማታ የመድፍ ድምፅ ይሰማል። ከወደቡ ማዶ ካለው ላ ካባኛ ምሽግ፣ ልክ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን አንድ መድፍ ይተኮሳል። የድሮ የስፔን ወታደር ልብስ የለበሱ ወጣቶች ችቦ ይዘው ይሰለፋሉ፣ ቱሪስቱም ስልኩን ያወጣል። ተኩሱ ጥንት የከተማዋ በሮች መዘጋታቸውን ማሳወቂያ ነበር። ቅጥሩ ግን ከ1863 ጀምሮ ፈርሷል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሚዘጋ በር ከጠፋ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መድፉ ግን ዛሬም ይጮኻል።

ምሽጉ የተወለደው ከሽንፈት ነው። በ1762 እንግሊዞች መጥተው በዚያው ኮረብታ ላይ መድፋቸውን ተከሉና ኤል ሞሮ የተባለውን የወደቡን ጠባቂ ምሽግ አንበረከኩ፤ ከተማዋም እጇን ሰጠች። ስፔን ሃቫናን ለማስመለስ ፍሎሪዳን የሚያህል ግዛት አሳልፋ መስጠት ነበረባት። ይህን ያህል ዋጋ የከፈለችበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ከሜክሲኮና ከደቡብ አሜሪካ የሚጋዘው ብርና ወርቅ ወደ ስፔን የሚሻገረው መርከቦቹ በዚህ ወደብ ከተሰባሰቡ በኋላ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የስኳር ሀብት ነው። ስኳሩን ያመረቱት ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። ኩባ ውስጥ ባርነት የቀረው በ1886 ነው። ዛሬ ቱሪስት አንገቱን አቅንቶ የሚያያቸው ሰገነቶች የተከፈሉት ከዚህ ገንዘብ ነው፤ አስጎብኚዎች ይህንን ክፍል ቶሎ ያልፉታል።

ወደ ማዕዱ እንምጣ። የሃቫና የምግብ ታሪክ የሚገርመው ወጥ ቤቱ ሳይሆን ወንበሩ ነው።

አብዮቱ በ1959 ከገባ በኋላ ትልልቁ ንብረት ቀድሞ ተወረሰ። በ1962 የራሽን ደብተር፣ በእነሱ አጠራር ሊብሬታ፣ መጣ። በደርግ ዘመን የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የያዘ የአዲስ አበባ ሰው ስለዚህ ደብተር ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1968 ደግሞ መንግሥት ወደ ትንንሾቹ ዞረ፦ ቡና ቤት፣ የመንገድ ላይ ምግብ ሻጭ፣ ጫማ ጠጋኝ ሳይቀር ተወረሰ። ከዚያ ወዲህ በሃቫና ውጭ መብላት ማለት መንግሥት ቤት መብላት ማለት ሆነ። ሁሉም ግን መጥፎ አልነበረም። በ1966 የተከፈተው ኮፔሊያ የተባለው ግዙፍ አይስክሬም ቤት እስከዛሬ ከተማዋ የምትሰለፍበት ቦታ ነው።

ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ የኩባ ኢኮኖሚ ከሦስት አንድ እጁን ያህል አጣ። ነዳጅ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ሰው ከሳ። በ1993 መንግሥት ዶላር መያዝን ፈቀደ፤ አንዳንድ የግል ሥራዎችንም እንዲሁ። ያን ጊዜ የሃቫና ሴቶች ሳሎናቸውን ወደ ምግብ ቤት መቀየር ጀመሩ። ስሙ እንኳ የመጣው ከቴሌቪዥን ነው። በዚያ ሰሞን ሕዝቡ ሁሉ በሚከታተለው የብራዚል ተከታታይ ድራማ ውስጥ ድሃዋ ባለታሪክ ከትንሽ ተነሥታ የምትከፍተው ምግብ ቤት "ፓላዳር" ይባል ነበር። ሰዉም የግል ምግብ ቤቶቹን ሁሉ ፓላዳር አላቸው።

መንግሥት ግን ፈቅዶ አልተኛም። መጀመሪያ ከለከለ፣ በ1995 መልሶ ፈቀደ፤ ሲፈቅድ ወንበር ቆጠረ። ከ12 ወንበር በላይ አይቻልም። አስተናጋጁ ቤተሰብ መሆን አለበት። የበሬ ሥጋና ሎብስተር ክልክል ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የኩባ ስመ ጥር ወጥ "ሮፓ ቪዬሃ" ይባላል፤ ትርጉሙ አሮጌ ልብስ ነው። ተቀቅሎ እንደ ክር የተተለተለ የበሬ ሥጋ በቲማቲምና በቃሪያ የሚሠራበት ነው። አገሩ በዚህ ወጥ ይታወቃል፤ አብስሎ የሚሸጠው ሰው ግን ሕግ ይተላለፋል። ለገበታው የቀረው ዶሮ፣ አሳማ፣ እና ጥቁር ባቄላ ከሩዝ ጋር ነበር። እንደ ሕጉ ከሆነ ማለት ነው። ተጨማሪ ወንበር ጓዳ ውስጥ፣ ሎብስተርም ከምግብ ዝርዝሩ ውጭ በሹክሹክታ ይገኝ እንደነበር የማያውቅ አልነበረም።

በዚያው ዘመን ኤውሴቢዮ ሌያል የተባለ ሰው በሌላ መንገድ ይሠራ ነበር። በ1967 የከተማዋ ታሪክ ጸሐፊ ሆኖ የተሾመው ሌያል፣ በ1993 ለመሥሪያ ቤቱ ያልተለመደ ሥልጣን አገኘ፦ በአሮጌው ከተማ ሆቴልና ምግብ ቤት እየከፈተ፣ ትርፉን እዚያው ሕንፃ ማደሻ ላይ ማዋል። ፕላሳ ቪዬሃ የተባለው አደባባይ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1950ዎቹ ሥሩ ተቆፍሮ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶበት ነበር። የሌያል ሰዎች ያንን አፍርሰው አደባባዩን ወደ ቀድሞ መልኩ መለሱት። ቱሪስት ቢራ ከፍሎ ጣሪያ ታደሰ ማለት ይቻላል። ሥራው ትልቅ ነው፤ ዋጋም ነበረው። አንድ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው ይኖሩ ከነበሩት ቤተሰቦች ከፊሎቹ ቤታቸው ታድሶ ተመለሱበት፣ ከፊሎቹ ግን ራቅ ወዳለ ሰፈር ተዛውረው ቀሩ። ሌያል በ2020 ዓ.ም. አረፈ።

ወንበሩ በ2010 ወደ 20፣ በዓመቱ ደግሞ ወደ 50 አደገ። ሎብስተሩም ሕጋዊ ሆነ። በመጋቢት 2016 ባራክ ኦባማ ከነቤተሰቡ ሃቫና ሲገባ የመጀመሪያ ምሽቱን እራት የበላው በአንድ ፓላዳር ነው። ከተማዋ በውጭ አገር እንግዳ ተጥለቀለቀች። ከዚያ በ2019 ዋሽንግተን የመርከብ ጎብኚዎችን አገደች፣ ኮሮና ተከተለ፣ በጥቅምት 2024 ደግሞ መላ አገሪቱ መብራት ጠፍቶባት በጨለማ አደረች።

ዛሬ በአሮጌው ከተማ አንድ እራት የመንግሥት ሠራተኛ በወር ከሚያገኘው ደሞዝ ሊበልጥ ይችላል። ጀነሬተር ያለው ፓላዳር ሲበራ ፎቁ ላይ ያለው ጎረቤት በሻማ ይቀመጣል። ጎረቤቱ አሁንም ሊብሬታ አለው። ደብተሩ ላይ ሩዝና ስኳር ተጽፏል፤ ሱቁ ውስጥ መኖሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ የዚያ ፓላዳር አስተናጋጅ የተማረ መሐንዲስ ወይም ሐኪም ነው፤ ሙያውን የተወው በጉርሻ የሚያገኘው ስለሚበልጥ ነው። በ3 ሰዓት መድፉ ሲተኮስ ጎብኚው ከወንበሩ ዘሎ ይነሣል። አስተናጋጁ ሰዓቱን ያስተካክላል።