ከመዝገብ የተፋቀው ዋንጫ

ዱከም ውስጥ እሑድ ከሰዓት ሁለት ነገር አይጠፋም፤ ጥሬ ሥጋና የኳስ ክርክር። ሥጋው የመንገደኛ ነው፣ ክርክሩ የእኛ። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ወደ አዳማ የሚሄደው መኪና በጎን እያለፈን መንገደኛው ቀንሶብናል፤ ክርክሩ ግን እንዳለ ነው። ባለፈው እሑድ የተነሳ አንድ ጥያቄ ብቻ ሁላችንንም ዝም አሰኘን፦ "የኮሌጅ ቡድን ዋንጫ የበላበትን አንድ ዓመት ጥሩ!"

ሁላችንም ግቢ ገብተን የወጣን ነን። በየግቢያችን የዲፓርትመንት ዋንጫ ነበር። ተጫውተናል፣ ጮኸናል፣ ከኢንጂነሪንጎች ጋር ለድብድብ ተጋብዘናል። የትኛው ዓመት ላይ ማን እንደበላ ግን አንዳችንም አፋችንን ሞልተን መናገር አቃተን። (አንዱ "እኛ ነን የበላነው" ብሎ ነበር፤ ምስክር ሲጠየቅ ቡና አዘዘ።)

ዝምታውን የሰበረው አጎቱ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዱለት ጓደኛችን ነው። "ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ" አለ። "ሁለት ጊዜ በላ፤ አንዱን ግን ቀሙት።" ቀሙት ሲባል ጆሯችን ቆመ። ሳምንቱን ሙሉ ስናነብ ከረምን፤ ያገኘነውን እነሆ። (ዓ.ም. ካላልን በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው።)

በመጀመሪያ ሐዋርድ ለእኛ ባዕድ ግቢ አይደለም። በ1867 የተመሠረተ፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው፤ ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ሲያስተባብሩ ቆይተው በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። የአፍሪካን ታሪክ ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥርበት ዘመን ለዓመታት እዚያው ያስተማሩት ፕሮፌሰር ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪም በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ሁሉ የክፍል ውስጥ ታሪክ ነው። የሜዳው የሚጀምረው በ1970 ነው።

በዚያ ዓመት ሊንከን ፊሊፕስ የሚባል የትሪኒዳድ ሰው የሐዋርድ ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን በረኛ የነበረ፣ አሜሪካም ውስጥ በክለብ የተጫወተ ሰው ነው። ያገኘው ቡድን ደግሞ እንደ አፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ነበር፤ ከትሪኒዳድ፣ ከጃማይካ፣ ከናይጄሪያ፣ ከጋና፣ ከጊኒ የመጡ ልጆች። እነዚህ ልጆች አሜሪካ የሄዱት ለትምህርት ነው። ኳሱን ከሰፈራቸው ይዘውት ነው የሄዱት። ለአሜሪካኖቹ በዚያን ጊዜ "ፉትቦል" ማለት ያ በእጅ የሚያዘው፣ እንቁላል የሚመስለው ነገር ነው። የእኛው ኳስ በየግቢው ዳር የሚጫወቱት የእንግዳ ጨዋታ ነበር።

አንድ ከተማ ብቻ ከዚህ ይለያል፤ ሴንት ሉዊስ። የዚያ ከተማ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያናቸው ሊግ ኳስ ሲያንከባልሉ ያድጉና ሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። ዩኒቨርሲቲው የ1969ንም የ1970ንም ዋንጫ በልቶ ነበር። የሰፈር ልጆች በሙሉ በአንድ ቡድን፣ ከየአህጉሩ የተሰበሰቡ ጥቁር ልጆች ደግሞ በሌላው ቡድን ሆነው ዲሴምበር 1971 ላይ፣ በእኛ 1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ማያሚ ኦሬንጅ ቦውል ስታዲየም ተገናኙ። ሐዋርድ 3 ለ 2 አሸነፈ። በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛ ደረጃ ላይ፣ በየትኛውም የስፖርት ዓይነት፣ ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ደስታው አንድ ዓመት ብቻ ቆየ። የኮሌጅ ስፖርቱን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የሚሉት፣ የተጫዋቾቹን ወረቀት ሲመረምር ከርሞ በ1973 መጀመሪያ ላይ ፍርዱን ሰጠ፦ የ1971 ዋንጫ ተነጥቋል። ቡድኑም ለአንድ የውድድር ዘመን ከሻምፒዮናው ታግዷል።

ነገሩ እዚህ ጋ ይወፍራልና ቀስ ብለን እንሂድ። ክሱ አንድ አይደለም። አንደኛው የውጭ ተማሪዎች ደንብ የሚባለው ነው። አንድ የውጭ አገር ተማሪ 19 ዓመት ከሞላው በኋላ በአገሩ በተደራጀ ውድድር የተጫወተበት እያንዳንዱ ዓመት ከኮሌጅ የመጫወቻ ዓመቱ ላይ ይቀነስበታል። (እኛ አገር ፓስፖርት ላይ ዕድሜ እንዴት እንደሚቀነስ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አንፈርድበትም።) አሜሪካዊው እኩያው ግን በዚያው ዕድሜ፣ በገዛ ሰፈሩ ክለብ ቢጫወት ምንም አይቀነስበትም። በሌላ አነጋገር ጥፋቱ ኳስ መጫወቱ ሳይሆን የትሪኒዳድ አፈር ላይ መጫወቱ ነው።

ሁለተኛው ክስ የአምስት ዓመት ቆጠራ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ኮሌጅ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ ተጫውቶ መጨረስ አለበት። ከተጫዋቾቹ አንዱ ሐዋርድ ከመምጣቱ በፊት እዚያው አገሩ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ ነበር፤ ሰዓቱ ከዚያ ተቆጠረበት። ሦስተኛው የ1.6 ደንብ ነው። አዲስ ገቢው ወደፊት ቢያንስ 1.6 ነጥብ እንደሚያመጣ በመግቢያ ፈተና አስቀድሞ መተንበይ አለበት። ከሐዋርድ ልጆች የተወሰኑት ይህን የትንበያ ወረቀት አላሟሉም። የሚገርመው ልጆቹ ክፍል ገብተው፣ ተፈትነው፣ ከትንበያው በላይ ውጤት ያመጡ መሆናቸው ነው። ተማሪው ፊት ለፊት ውጤቱን ይዞ ቆሟል፣ ዳኛው "ትንቢቱ የታለ?" ይላል! ሌላም ጉድ አለ። ማኅበሩ ይህንኑ የ1.6 ደንብ ራሱ የሻረው ዋንጫውን በነጠቀበት በዚያው በ1973 ነው።

ሐዋርድ ፍርድ ቤት ሄደ። ነገሩ በ1975 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እስኪደርስ የተገኘው ውጤት ግማሽ ጎፈሬ ግማሽ ልጩ ነው። የውጭ ተማሪዎች ደንብ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ተብሎ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ለመጣ የውጭ ተማሪ ሁሉ የተረፈ ድል ነው። የቀሩት ሁለቱ ደንቦች ግን ለሁሉም እኩል የሚሠሩ ናቸው ተባለና ጸኑ። ዋንጫውም አልተመለሰም።

እኛ እሑድ የተከራከርነው እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችን ሕግ ያጠናው "ዩኒቨርሲቲው ወረቀቱን በጊዜው አላጣራም፣ ደንብ ደንብ ነው" ይላል። ሐሰት አይደለም፤ ሐዋርድ ቢሮው ውስጥ መዝረክረኩ አይካድም። ሌሎቻችን ደግሞ የዚያን ዘመን ዋሽንግተን እንዴት ትረሳለህ አልነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ፣ ከተማዋም በእሳት ከነደደች ገና አምስት ዓመት አልሞላም። ሐዋርዶች "ይህ ሁሉ የሆነው ጥቁርና የውጭ ልጆች ስላሸነፉ ነው" ያሉት ያን እያዩ ነው። በበኩላችን የምናስበው እንዲህ ነው፤ ለሁሉም እኩል ነው የተባለ ደንብ የማንን መዝገብ ፈልፍሎ እንደሚፈትሽ የሚመርጠው ሰው ነው። ሕግ ያጠናው ጓደኛችን ይህንን አልተቀበለንም። አሁንም እየተከራከርን ነው።

የሆነው ሆኖ ፊሊፕስና ልጆቹ በ1974 ተመለሱ። በመካከል ያሉትን የ1972ንና የ1973ን ዋንጫዎች የበላው ማን ይመስላችኋል? ሴንት ሉዊስ። ሐዋርድ በዚያ ዓመት 19 ጨዋታ ተጫውቶ 19ኙንም አሸነፈ። 19ኛው የፍጻሜው ነው፤ ተጋጣሚው ሴንት ሉዊስ፣ ሜዳው ደግሞ እዚያው ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ቡሽ ስታዲየም። መደበኛው ሰዓት 1 ለ 1 አለቀ። ጭማሪ ሰዓት፣ ሌላ ጭማሪ፣ ሦስተኛ… አራተኛው ጭማሪ ላይ ናይጄሪያዊው ኬኔት ኢሎዲግዌ አገባና 2 ለ 1 አለቀ። በዚህኛው የማንም ወረቀት አልተገኘበትም።

ወሩ ዲሴምበር 1974 ነው። እዚህ ስንደርስ አንዳችን ቀን መቁጠሪያውን አገላበጠ፤ 1967 ዓ.ም.። ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት የተረሸኑት ኅዳር 14 ነው፤ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በይፋ የተከፈተው ታኅሣሥ 12። የእኛው ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ፣ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና አስተማሪ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ገጠር ሊላክ ነው። የሐዋርድ ተማሪ ዋንጫ ይዞ ወደ ግቢው በሚመለስበት ወር የእኛ ተማሪ ከግቢው ይወጣል ማለት ነው። ከወጡት ውስጥ ብዙዎቹ ተመልሰው አልገቡም። ከዘመቻው፣ ከቀይ ሽብሩ ያመለጠው በሱዳን በኩል እየዞረ ብዙው የደረሰው የት ነው? ዋሽንግተን፤ ከሐዋርድ ብዙም በማይርቁት ጎዳናዎች ላይ ምግብ ቤት ከፈተ፣ ታክሲ ነዳ። እሱም ኳሱን ከሰፈሩ ይዞት ነበር የሄደው። በ1984 በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ተመሠረተ፤ በየዓመቱ በክረምት ከየከተማው ቡድን እየመጣ ይገጥማል፣ ከኳሱ ይልቅ የናፍቆቱ ግጥሚያ ይበልጣል ይባላል።

የ1971 ዋንጫ ዛሬም አልተመለሰም። የማኅበሩን የሻምፒዮኖች ዝርዝር ብትከፍቱ 1969 ሴንት ሉዊስ፣ 1970 ሴንት ሉዊስ ይልና 1971 ላይ "ባዶ" ብሎ ያልፋል። 3 ለ 2 ግን 3 ለ 2 ነው፤ ኦሬንጅ ቦውል የነበረ ሰው አይቶታል። የእኛ የዲፓርትመንት ዋንጫዎች ደግሞ ማንም ሳይነጥቀን፣ ዝርዝር እንኳን ሳይኖራቸው ባዶ ናቸው። ቡና ያዘዘው ጓደኛችን አሁን የድሮ የክፍል ጓደኞቹን በስልክ እያሳደደ ነው፤ እስካሁን ሦስት ሰው አግኝቶ ሦስት የተለያየ ውጤት ነግረውታል።

አጎትየውንም ዲሲ ደወልንላቸው። ጆርጂያ ጎዳና ላይ በሐዋርድ በር ለዓመታት ሲመላለሱ ኖረዋል። ታሪኩን ለእህታቸው ልጅ የነገሩት እሳቸው አይደሉም ለካ፤ እሱ ያገኘው ስፓይክ ሊ በ2016 ካቀረባቸው አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች አንዱ ላይ ነው። ነገርናቸው። ትንሽ ዝም አሉና "በዚያ በር ስንት ሰው ጭኛለሁ" አሉ፤ "ምናልባት አንዳቸውንም ጭኜ ይሆናል እኮ።"