በእንግሊዝ ሙሽሮች እንዲናገሩት የታዘዘው ቃል

በእንግሊዝና በዌልስ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚጋቡ ሰዎች ሁለት ነገር በአንደበታቸው እንዲናገሩ ሕግ ያስገድዳቸዋል። መጀመሪያ ጋብቻቸውን የሚከለክል ሕጋዊ ምክንያት እንደማያውቁ ያረጋግጣሉ፤ ቀጥሎ አንዱ ሌላውን ለትዳር መውሰዱን ይናገራል። ቀለበት መለዋወጥም ሆነ ሌላ ቃል መጨመር የሙሽሮቹ ፈንታ ነው። ጋብቻው የሚጸናው ሁለተኛው ተናጋሪ ቃሉን ሲጨርስ ነው፤ ፊርማው ማስረጃ ብቻ ነው።

የግዴታው ሥር የሚገኘው ቃል ብቻውን ጋብቻ በነበረበት ዘመን ነው። በ12ኛው ምዕተ ዓመት በሮማው ጳጳስ በአሌክሳንደር 3ኛ ዘመን በጸናው የቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ወንድና ሴት «ሚስቴ አድርጌሻለሁ»፣ «ባሌ አድርጌሃለሁ» ከተባባሉ ካህንም ምስክርም ባይኖር ተጋብተዋል። «ወደፊት አገባሻለሁ» የሚለው ግን ከመተጫጨት አያልፍም፤ ወደ ጋብቻ የሚለወጠው ከዚያ በኋላ አብረው ከተኙ ነበር። ሆኖም ያለ ምስክር የተነገረ ቃል ይካዳል። ባል ክዶ ሌላ ሲያገባ፣ የተካደችው ሴት ቃሉ መነገሩን የሚያስረዱ ሁለት ምስክሮች ትጠየቅ ነበር። ከየት ታምጣቸው?

በ18ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ፍሊት በተባለው የለንደን እስር ቤት አካባቢ ገንዘብ እየተቀበሉ በድብቅ የሚያጋቡ ቀሳውስት በዙ። በሎርድ ሃርድዊክ ስም የሚታወቀው የ1753 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ይህን ዘጋ፤ ከአይሁድና ኩዌከር ከተባሉት ክርስቲያኖች በቀር ሁሉም በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን እንዲያገባ አዘዘ። ካቶሊኮችና ሌሎች ፕሮቴስታንቶችም እምነታቸው ባልሆነ ሥርዓት ለመጋባት ተገደዱ። ይህ በደል ከ80 ዓመት በላይ ቆየ።

በ1836 የወጣውና ከሐምሌ 1837 ጀምሮ የተሠራበት ሕግ ጋብቻን በክብር መዝገብ ሹም ፊት ፈቀደ። ካህኑ ሲወጣ የተጋቢዎቹ ፈቃደኝነት በምን ይታወቅ? ሕጉ መልሱን በሙሽሮቹ አፍ ላይ አኖረው። ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በሩ ሳይዘጋ፣ ቢያንስ ሁለት ምስክሮች ባሉበት፣ እያንዳንዱ ሙሽራ እንቅፋት እንደማያውቅ ከተናገረ በኋላ በቦታው ያሉት ሰዎች ምስክር እንዲሆኑት ጠርቶ እገሊትን ሕጋዊ ሚስቱ፣ እርሷም እገሌን ሕጋዊ ባሏ ማድረጋቸውን ይናገሩ ነበር። የቃሉ እምብርት ይህ ምስክር መጥራት ነው፤ ለተካዱት ሴቶች የጎደላቸው እርሱ ነበርና።

በ1856 በክብር መዝገብ ሹሙ ቢሮ ውስጥ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ማካሄድ ተከለከለ። የ1949ኙ ሕግ የቀደሙትን ድንጋጌዎች ሰብስቦ በአንድ ሲያወጣ ቃሎቹን እንዳሉ ያዘ፤ በዌልስኛ መናገርም ይቻላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1996 ነው። ከአሮጌው ቃል ጎን አጭር አማራጭ ተፈቀደ፤ ሙሽሮች «ለመጋባት ሕጋዊ ነፃነት አለህን?» ተብለው ሲጠየቁ «አዎን» ማለት ይበቃቸዋል፤ ሁለተኛውም ቃል ምስክር ሳይጠራ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ቋንቋው ቀልሏል፤ ከታሪኩ አንጻር ግን የተቆረጠው ዋነኛው ክፍል ነው። በ2004 በተደነገገው፣ ሲቪል ፓርትነርሺፕ በተባለው ከጋብቻ የተለየ ሕጋዊ ጥምረት ደግሞ የግዴታ ቃል የለም፤ ጥምረቱ በፊርማ ይጸናል። የአገሪቱ የሕግ ኮሚሽን በ2022 ባቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ለጋብቻም የታዘዘ ቃል ቀርቶ፣ ሙሽሮች በመረጡት መንገድ ፈቃደኝነታቸውን እንዲገልጹ ጠይቋል።