ንጉሣዊ ፓይተንን ከአዲስ ማቆያ ጋር ማላመድ

ማላመድ ማለት በቤት ውስጥ የሚያዝ እባብ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ሲዛወር፣ አዲሱን ማቆያ ሣጥን መርምሮ ወደ ወትሮው አመጋገቡና እንቅስቃሴው እስኪመለስ ድረስ የሚደረግለት እንክብካቤ ነው። በቤት እንስሳነት በብዛት ከሚያዙት እባቦች አንዱ የሆነው፣ መርዝ የሌለው ንጉሣዊ ፓይተን በለውጥ ወቅት ከምግብ በመታቀብ ስለሚታወቅ፣ ይህ እንክብካቤ ለእርሱ ከፍ ያለ ትርጉም አለው።

ዝርያው በሳይንሳዊ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ የሚባል ሲሆን፣ የተፈጥሮ መኖሪያው ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ኡጋንዳ የሚዘልቀው የሣር ምድር ነው። ቀኑን በአይጥ ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ተሸሽጎ ያሳልፋል፤ ሲመሽ ለአደን ይወጣል፤ ሲፈራም ጭንቅላቱን መሃል አድርጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። ስለዚህ ለሰው ዓይን ሰፊና ብሩህ ሆኖ የሚያምረው ባዶ የመስታወት ሣጥን፣ ለዚህ እንስሳ መሸሸጊያ የሌለው ሜዳ ነው።

ዝግጅቱ እባቡ ከመምጣቱ በፊት መጠናቀቅ አለበት። እባብ ደመ ቀዝቃዛ በመሆኑ፣ ማለትም የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው ስለሚያገኝ፣ የሣጥኑ አንድ ጫፍ ከ31 እስከ 33፣ ሌላው ጫፍ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ እንስሳው በሁለቱ መካከል እንዲመላለስ ይደረጋል። ማሞቂያው ሙቀቱን በሚቆጣጠር መሣሪያ፣ በቴርሞስታት፣ ካልተገታ ቆዳውን ሊያቃጥል ይችላል። የአየሩ እርጥበት ከ55 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። መሸሸጊያም በሁለቱም ጫፎች ሊኖር ይገባል፤ በቀዝቃዛው በኩል ብቻ ከሆነ እባቡ ከሙቀትና ከደኅንነት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፣ ብዙ ጊዜም ደኅንነትን መርጦ ምግቡን ለመፍጨት የሚያስፈልገውን ሙቀት ያጣል። ለጉዝጓዝ የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ ተስማሚ ሲሆን፣ የአርዘ ሊባኖስ ፍቅፋቂ ግን ሽታ ያለው ዘይቱ የመተንፈሻ አካልን ስለሚጎዳ ይወገዳል። እባብ በምላሱ የሽታ ቅንጣቶችን ሰብስቦ በላንቃው ላይ ወዳለው የያኮብሰን ብልት ስለሚያደርስ፣ ከቀድሞው ሣጥን ጥቂት ንጹሕ ጉዝጓዝና የለመደውን መሸሸጊያ አብሮ ማዛወር አዲሱን ስፍራ ያለማምደዋል።

ከዝውውሩ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውኃ ከመለወጥና ከማጽዳት በስተቀር እባቡን አለመንካት ይመከራል። የመጀመሪያው ምግብ ከሳምንት በኋላ፣ በምሽት፣ ውፍረቱ ከእባቡ ወገብ የማይበልጥ አይጥ ሆኖ ይቀርባል። በከንፈሩ ዙሪያ ያሉት ሙቀት ለይ ጉድጓዶች የታዳኙን ሙቀት ስለሚያውቁ፣ በረዶ ሆኖ ቆይቶ የቀለጠ አይጥ ሞቅ ተደርጎ መሰጠት አለበት። እምቢ ካለ ምግቡ ተነሥቶ ሌላ ሳምንት ይጠበቃል። ጤነኛ ጎልማሳ ፓይተን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሳይበላ ሊቆይ ስለሚችል፣ የሚያሳስበው የክብደቱ መቀነስ ነው፤ ጫጩት እባብ ግን ይህን ያህል አቅም የለውም።

ቀን በመሸሸጊያው ማረፍና ማታ ምላሱን እያወጣ መዘዋወር የመላመድ ምልክቶች ሲሆኑ፣ አፍንጫን ዘወትር ከመስታወት ጋር ማሻሸት የጭንቀት ምልክት ነው። የዓይን መደብዘዝ ቆዳ የመለወጥ ዝግጅት በመሆኑ በሽታ አይደለም፤ አፍ ከፍቶ መተንፈስና የአፍንጫ አረፋ ግን የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋቸዋል። ሌሎች እባቦች ባሉበት ቤት አዲሱ እባብ ቢያንስ ለ30 ቀናት ለብቻው ይቆያል፤ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ወደ ሰው ሊተላለፍ ስለሚችልም ከነኩት በኋላ እጅን መታጠብ ግድ ነው።

እንግዲህ የማላመድ ሥራ አብዛኛው እባቡ ሳይደርስ የሚሠራ ሲሆን፣ ከደረሰ በኋላ ለባለቤቱ የሚቀረው ትልቁ ተግባር ለመንካት የሚቸኩለውን እጁን መግታት ነው።