የአጠቃቀም ምቹነት፦ ስለ ትምህርት ክፍሎች ድረ ገጽ የቀረበ ሐተታ

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ሆዜ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በኩፐርቲኖ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በተከፈተው በዲ አንዛ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ፣ ፍሊንት ሴንተር በተባለው አዳራሽ፣ አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1984 ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፒዩተር ለሕዝብ ሲገልጥ፣ ብዙዎች ያደነቁት የመሣሪያውን ኀይል ብቻ ሳይሆን፣ ትእዛዝ በቃሉ ያላጠና ሰው በማውዝ ሥዕል እያመለከተ ሥራውን መፈጸም መቻሉን ነበር። ይህ ጠባይ በእንግሊዝኛ ዩዛቢሊቲ ይባላል።

በአማርኛ «ተጠቃሚነት» ብንለው ቃሉ ዛሬ ጥቅም ማግኘትን ስለሚያመለክት አንባቢን ያሳስታል፤ ስለዚህ «የአጠቃቀም ምቹነት» ማለት ይሻላል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 አውጥቶ በ2018 ባሻሻለው ድንጋጌ፣ ምቹነት የሚለካው የታወቀ ተጠቃሚ፣ የታወቀ ጉዳዩን፣ በታወቀ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ሲፈጽም፣ በውጤቱ፣ በድካሙ ማነስና በእርካታው ነው። እንግዲህ የአንድ ድረ ገጽ ማማር ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ከአዲስ አበባ ወደ ሳን ሆዜ አካባቢ መጥቶ ቀን ሥራ እየዋለ ማታ የሚማር ወጣት፣ ለካልኩለስ ከመመዝገቡ አስቀድሞ የትኛውን ኮርስ መጨረስ እንዳለበት ለማወቅ የአንድን ትምህርት ክፍል ገጽ በስልኩ ቢከፍት፣ የሚቀበለው የኃላፊው ሰላምታ፣ ከዚያም ራእይ፣ ተልእኮና እሴት (ይህ ልማድ በአገራችንም እጅግ የተስፋፋ ነው) ሲሆን፣ የፈለገው ነገር ግን በስልክ መስኮት በማይነበብ ረጅም ፋይል ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ገጹ የተሠራው በቢሮው መዓርግና ሥርዓት እንጂ በተማሪው ጥያቄ አይደለም። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ ዲ አንዛ ዓመቱን በኳርተር፣ የሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግን በሴሚስተር ስለሚከፍሉ፣ ተማሪ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ሲዛወር 90 የኳርተር ክሬዲት 60 የሴሚስተር ክሬዲት ብቻ ይሆናል፤ ይህን በግልጥ ቦታ ተጽፎ ያላገኘ ተማሪ፣ 5 ክሬዲት ያለው ኮርሱ ሲዛወር ወደ 3.33 መውረዱን የሚረዳው ዘግይቶ ነው።

መድኀኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዴንማርካዊው የአጠቃቀም ምቹነት ባለሙያ ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደ ጻፈው፣ አምስት ሰዎች ብቻ ሲሞክሩት ቢታዩ ከአንድ ገጽ ጉድለት 85 በመቶ ያህሉ ይገለጣል፤ በቍጥሩ ላይ የሚከራከሩ ሊቃውንት ቢኖሩም፣ ምንም ካለማየት አምስቱን ማየት እንደሚበልጥ የሚክድ የለም።

ስለዚህ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር የትምህርት ክፍል ድረ ገጽ በእጅዎ ያለ መምህር ሆይ፣ አምስት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ጠርተው በየራሳቸው ስልክ የመመዝገቢያውን ቀንና የአንድ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ እንዲፈልጉ ያድርጉ፤ እርስዎም አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ሲሳሳቱ ሳያርሙ፣ ጣታቸው የት ላይ እንደሚቆም ብቻ ይመልከቱ።