የአባቴ ሁለት ዕድሜዎች

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ አባዬ አረፈ፤ አርባውም ወጣ። እማዬ ጡረታውን እንዴት ነው የምታስቀጥለው? ቢሮ ሄደን የጋብቻ ወረቀት አምጡ አሉን፣ እነሱ እኮ በሽማግሌ ነው የተጋቡት» አለችኝ። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ግን ነገሩ በራሴ ቤት ያለፈ ስለሆነ ብዙ አወራኋት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ ለእናንተም ልጻፈው አልኩ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ከቃሉ ልጀምር። «ጡረታ» የመጣው ከ«መጦር» ነው። በግዕዙ ጾረ ማለት ተሸከመ ነው። አያቶቻችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ሲመርቁ መንግሥትን ማለታቸው አልነበረም፤ ልጅን ነው። የመንግሥት አገልጋይ ደግሞ በዚያ ዘመን በአብዛኛው የሚተዳደረው በመሬት ነበር። ማደሪያ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ይበላል። ከጣሊያን ወዲህ ደመወዝ በብር መከፈል ሲለመድ ግን ጥያቄ መጣ። ደመወዝተኛው መሬት የለውም፤ ልጁም ከተማ ገብቶ እሱ ራሱ ደመወዝ ጠባቂ ሆኗል። ታዲያ ማን ይጡረው?

መልሱ የጡረታ አዋጅ ሆነ። ሁላችንም የምናውቀው አዋጅ ቁጥር 209/1955 ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 ከመቶ፣ መንግሥት 6 ከመቶ ያዋጣሉ። የልጅን ግዴታ ስሙን ሳይቀይር ወስዶ የመዝገብና የመቶኛ ሥራ አደረገው ማለት ነው። ነገር ግን ልጅ አባቱን ሲጦር «መቼ ነው የተወለድከው? ከእናቴ ጋር በምን ወረቀት ተጋባችሁ?» ብሎ አይጠይቅም። ቢሮ ይጠይቃል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው የጀመረው።

ምን መሰላችሁ፣ ከዚያ 3 ዓመት ቀደም ብሎ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገብ በብዙ አንቀጾች ደንግጎ ነበር። ግሩም ነው። ግን እዚያው ሕጉ መጨረሻ አካባቢ፣ እነዚህ አንቀጾች ሌላ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ላይ አይውሉም የሚል ነገር ተቀምጧል። ትእዛዙ ሳይወጣ ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 እስኪወጣ ተጠበቀ፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ቁጠሩት፣ 56 ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ የጡረታው ሕግ ዕድሜና ጋብቻ ይጠይቃል፤ አገሩ ግን ዕድሜና ጋብቻ የሚጻፍበት አንድ ወጥ መዝገብ አልነበረውም።

ክፍተቱን የሞላው ማን ነው? የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ።

አባቴ ድሬሰር ነበር። የተቀጠረው በ1953 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊው «መቼ ተወለድክ?» ሲለው «ጣሊያን የገባ ጊዜ» አለ። ያን ጊዜ ሰው ዕድሜውን የሚናገረው እንዲህ ነው፤ በጦርነት፣ በረሃብ፣ በጳጳስ መምጣት። ጣሊያን የገባው በ1928 ነው፤ ስለዚህ አባቴ 25 ዓመቱ ነበር ማለት ነው። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየውና «ይሄ ጢም የ25 ዓመት ጢም አይደለም» ብሎ 1924 ብሎ ጻፈ። አባቴ ይህን ሲያወራ ይስቅ ነበር። መሳቁን ያቆመው በ1979 ነው። የጡረታ ዕድሜ 55 ነበርና ዶሴው 55 ሞላህ አለው፤ እሱ ገና 51 ነበር። አራት ልጆች ቤት ውስጥ ነን፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ፣ ታናሿ ገና ሦስተኛ ክፍል። የክርስትና አባቱን ምስክር ይዞ ሄደ፣ የደብሩን አለቃ ደብዳቤ ይዞ ሄደ። «መጀመሪያ ስትቀጠር ያስመዘገብከው ነው» አሉት፤ በቃ።

በንዴት ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አሁን ግን ሳስበው የሕጉ ነገር ይገባኛል። መዝገብ በሌለበት አገር፣ ጡረታ ሲቃረብ ማን ነው ዕድሜውን ዝቅ የማያደርግ? ስለዚህ ሕግ አውጪው ሰው ገና የመዋሸት ምክንያት ሳይኖረው የተናገረውን ልመን አለ። የ2003ቱ አዋጅም (714/2003) የያዘው ይህንኑ ነበር፤ መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ዕድሜ። ችግሩ፣ አባቴ እውነቱን ተናግሯል። የተመዘገበው የጸሐፊው ግምት ነው።

ለማንኛውም አባቴ በ1994 ዓ.ም. አረፈ። እናቴ ፎቶዋን፣ የቀበሌ መታወቂያዋንና የሞት ማስረጃውን ይዛ ሄደች። የጋብቻ ወረቀት የለም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ፣ ሰባት ልጅ ተወልዶ፣ ሦስቱ ተቀብረው፣ ወረቀት ግን የለም። ፍርድ ቤት ምስክር አቅርቡ አለ። ከሽማግሌዎቹ በሕይወት ያሉት አንድ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ጆሯቸው አይሰማም። ሰባት ወር ተመላለስን። እናቴ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ «እኔ ማን ነበርኩ ለሱ?» ያለችውን መቼም አልረሳውም።

በመጨረሻ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እግዜር ይስጠውና፣ የአባቴን አሮጌ ዶሴ ከመጋዘን አወጣው። ውስጡ አባቴ በ1962 በእጁ የሞላው የቤተሰብ ቅጽ ነበር። «ባለቤት» በሚለው ትይዩ የእናቴ ስም ከነአያቷ፤ ከሥሩም የእኛ ስም በተወለድንበት ቅደም ተከተል። ስምንት መስመር ቢሆን ነው። ፍርድ ቤቱ ከምስክሩ ቃል ጋር አይቶ ተቀበለው፤ እናቴም የአባቴን ጡረታ ግማሽ መቀበል ጀመረች። አራት ዓመቱን የወሰደበት ዶሴ፣ እሷን ሚስት ነሽ አላት።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ለሷ የነገርኳት ይህን ነው። የሟች የትዳር ጓደኛ ድርሻ የጡረታው 50 ከመቶ ነው። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ 20 ከመቶ አለው። በሟቹ ይረዱ የነበሩ ወላጆችም ድርሻ አላቸው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ስሌቱ በ2003ቱ አዋጅ እንዲህ ነበር፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25፣ ጣሪያው 70። 25 ዓመት ያገለገለና የመጨረሻ 3 ዓመት አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የነበረ ሰው 48.75 ከመቶ ይደርሰዋል፣ 3,900 ብር ማለት ነው። ለሚስቱ 1,950። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በየወሩ ይመጣል።

የጋብቻ ወረቀት ከሌለ መጀመሪያ ወደ ፍርድ ቤት አትሩጡ። አባትሽ ወደ ነበረበት መሥሪያ ቤት ሂጂና የግል ማኅደሩን ይዩልሽ፤ የቤተሰብ ሁኔታ የሞላበት ቅጽ ካለ ኮፒውን በማኅተም ይስጡሽ። እሱን ይዘሽ ፍርድ ቤት ስትሄጂ ምስክሮቹ በባዶ ሜዳ አይቆሙም። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ፍጠኑ። ያልተጠየቀ ውዝፍ ጡረታ ይርጋ ስላለው «ሐዘኑ ይውጣልንና» እያላችሁ ዓመት አታሳልፉ። ቢሮው አይሆንም ካለ መልሱን በጽሑፍ ጠይቂ፤ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ የሚባል አለ፣ ያለ ጽሑፍ ግን ምን ላይ ይግባኝ ትላላችሁ?

በግል ድርጅት የምትሠሩ ልጆቼ፣ የናንተ ታሪክ አጭር ነው። የናንተ ጡረታ የመጣው በአዋጅ 715/2003 ነው፤ ከ209/1955 ወዲህ 48 ዓመት ዘግይቶ። ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራችሁ እዚያው እንድትቀጥሉ ወይም እንድትገቡ ምርጫ ተሰጣችሁ፤ ሌላው ሁሉ ገባ። መዋጮው ቀስ በቀስ አድጎ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ደርሷል። እኔም መጨረሻ ላይ በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምሬያለሁ። በየወሩ ከደመወዛችን ሲቆረጥ ደረሰኝ ላይ እናያለን። አንድ የሥራ ባልደረባችን ለመውጣት ሲጠይቅ ነው 14 ወር ያልገባ መዋጮ እንዳለ ያወቅነው። ተቆረጠ ማለት ገባ ማለት አይደለም። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙና በዓመት አንዴ ሂዳችሁ ጠይቁ፣ አያሳፍርም።

ተማሪዬ ትናንት መልሳ ደወለች። ማኅደሩ ተገኝቷል። አባቷ በ1978 በሞላው ቅጽ ላይ የእናቷ ስም አለ፤ የሷ ግን የለም፣ ገና አልተወለደችም ነበር። «ቲቸር፣ የአባዬን የእጅ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየሁት» አለችኝ። ሰኞ ከእናቷና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ፍርድ ቤት ይሄዳሉ።