ስለ አምስት ኪሎ ስያሜና ጥንተ ነገሩ

የአዲስ አበባን ሰፈሮች ስም ልብ ብሎ የመረመረ ሰው የከተማይቱን ታሪክ መጽሐፍ ሳይገልጥ ያነባል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃ አጠገብ ያለውን መስክ ወደው አዲስ አበባ ብለው ከሰየሙትና ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም ከእንጦጦ ወርደው ቤተ መንግሥታቸውን ከጉብታው ላይ ካነፁ ወዲህ፣ መሳፍንቱና መኳንንቱ በየተመሩት ቦታ ሠራዊታቸውንና ቤተ ሰባቸውን ይዘው ስለ ሰፈሩ፣ ምድሩ ሁሉ በጌታው ስም መጠራት ሆነና የራስ መኮንን፣ የደጃች ውቤ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ተባለ። የጌታ ስም ያልወጣለት በታቦቱ ወይም በነዋሪው ሙያ ተጠራ፤ የአራዳው ጊዮርጊስ አካባቢ በታቦቱ፣ ሠራተኛ ሰፈርም በእጅ ባለሙያዎቹ። ከዚያ ወዲያ የባዕድ ቋንቋ ገባ። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ለገሃር የሚለውን ስም ከፈረንሳዮቹ ተቀበልን፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጠላት ዘመንም መሣሪያውን ጭኖ ሲሄድ ፒያሳን፣ መርካቶን፣ ካዛንቺስንና ፖፖላሬን ትቶልን ሄደ።

አምስት ኪሎ ከእነዚህ ከአንዱም ወገን አይደለም። መኳንንት አልሰየሙትም፣ በታቦት አልተጠራም፣ ጠላትም ያወረሰን ቃል አይደለም። የተጠራው በቁጥር ነው፤ ከከተማው ቆላ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚወጣው ጎዳና በኪሎ ሜትር በተሰፈረ ጊዜ የወጣለትን ልክ ሕዝቡ አሳጥሮ «ኪሎ» አለና፣ ከታች አራት ኪሎ፣ ከላይ ስድስት ኪሎ፣ በመካከላቸውም አምስት ኪሎ ሆኖ ቀረ። ከገጠር አዲስ የመጣ እንግዳ «አምስት ኪሎ ምን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ እኛ የከተማው ሰዎች ግን ሚዛን ትዝ ሳይለን ስሙን ስንጠራው እንውላለን። በእኔ አስተያየት ይህ ስም የሚመሰክረው አንድ ትልቅ ለውጥ ነው፤ የቀድሞው ሰው አድራሻውን ሲጠየቅ የማን አሽከር እንደ ሆነ ይናገር ነበር፣ የኪሎው ሰው ግን የሚናገረው የመንገዱን ርቀት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው አሰያየም በእኛ ብቻ የተገኘ አይምሰለን። የጥንት ሮማውያን በየጎዳናቸው ዳር ለእያንዳንዱ ማይል ድንጋይ ያቆሙ ስለ ነበረ፣ በሰሜን ኢጣልያ ከጄኖቫ ወደብ በስተ ምሥራቅ፣ በሊጉርያ ባሕር ጠረፍ ላይ ተከታትለው የሚገኙ ሁለት ትንንሽ የባሕር ዳር ከተሞች፣ አንዱ ኳርቶ፣ ሁለተኛው ኩዊንቶ ይባላሉ፤ አራተኛና አምስተኛ ማለት ነው፣ ከጄኖቫ ተቆጥሮ በአራተኛውና በአምስተኛው ማይል ላይ ስለሚገኙ። ሁለቱም ለዘመናት ራሳቸውን ችለው ከኖሩ በኋላ በ1926 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታላቂቱ ጄኖቫ ተጠቃለሉና፣ የከተማ ማዕርጋቸው ቢቀርም ቁጥራቸው ሳይፋቅ እስከ ዛሬ አለ። ጋሪባልዲ ከሺሕ የሚበልጡ ፈቃደኞቹን አሳፍሮ ኢጣልያን አንድ ለማድረግ ወደ ሲሲልያ የተነሣው ከዚሁ ከኳርቶ ነው፤ ቀኑም በእነርሱ አቆጣጠር ሜይ 5፣ 1860 ነበር። ይህ ሜይ 5 እንግዲህ የኢጣልያው ማርሻል ባዶልዮ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባበት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ልክ በአምስተኛው ዓመት በድል የተመለሱበት፣ እኛ ሚያዝያ 27 የምንለው ቀን ሲሆን፣ የድሉ ሐውልት የቆመውም በእኛው «ኳርቶ» በአራት ኪሎ ነው። ግጥምጥሞሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አልሆንልህ አለኝ።

የመንግሥት ስያሜ በእነዚህ አደባባዮች ላይ አልጸናም። አራት ኪሎ በይፋ የሚያዝያ 27 አደባባይ፣ ስድስት ኪሎም በ1929 ዓ.ም. በኢጣልያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተጨፈጨፉትን ሰማዕታት የሚያስታውስ የየካቲት 12 አደባባይ ነው፤ በመካከል ያለው ጎዳናም በእንግሊዙ ንጉሥ በጊዮርጊስ ስድስተኛ ስም ተሰይሞ በካርታ ላይ ይታያል። ታክሲ ላይ ተሳፍሮ «ጊዮርጊስ ስድስተኛ ላይ አውርደኝ» የሚል ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

አምስት ኪሎ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ሐውልቶች መካከል ያለ ሐውልት ቀርቷል፤ ቢሆንም ከበረከቱ አልጎደለም። በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ፓትርያርክ ሆነው ከተሾሙ ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችን መንበር በዚሁ ይገኛል፤ የመንበረ ፓትርያርክ ቅድስት ማርያም ገዳምን ምእመናኑ «አምስት ኪሎ ማርያም» ማለትን ስለሚመርጡ፣ የመንገድ ቁጥር ከእመቤታችን ስም ጋር ተዛምዶ ይጠራል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በ1945 ዓ.ም. የተመሠረተው የምህንድስና ኮሌጅ ወራሽ የሆነው የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት አለ፤ የአገሪቱን ድልድይና ግድብ የሚሠሩ መሐንዲሶች ብዙዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው። ብሔራዊ ሙዚየሙም እዚሁ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚገመተው ድንቅነሽ በዚህ ግቢ በክብር ተቀምጣለች። 

ስለ መልክዐ ምድሩ ብዙ ማተት አያስፈልግም። ቦታው ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ በሰሜን የእንጦጦን ጋራ፣ በምሥራቅ የግንፍሌንና የቀበናን ወንዞች፣ በሰሜን ምሥራቅ ጥምቀት የሚከበርበትን ጃን ሜዳን፣ በምዕራብም ወደ ራስ መኮንን ድልድይና ወደ ፒያሳ የሚወርደውን ቁልቁለት ይዋሰናል። ከባሕር በዚህ ያህል የራቀች ከተማ ማገዶ አልቆባት ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሳለ፣ ከአውስትራልያ የመጣው ዛፍ ደርሶ ስላዳናት፣ ሕዝቡ ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን አስቦ «ባሕር ዛፍ» አለው።

ስለ ሕዝቡም እንደዚሁ። አምስት ኪሎን የሚያቅፈው የአራዳ ክፍለ ከተማ በ10 ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ስፋቱ፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ200 ሺሕ የሚበልጥ ሕዝብ ይዞ ነበር፤ የከተማይቱ ጠቅላላ ቁጥር በዚያው ቆጠራ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ነው። አራዳ ጥንት የገበያ ስም ነበር፤ አርመኑ፣ ግሪኩና ህንዱ ከጉራጌው፣ ከዶርዜውና ከሸዋው ጋር ጎን ለጎን ሱቅ ከፍተውበታል፣ ከተሜ ብልጠትንም «አራዳነት» እስከ ማለት አድርሶናል።

በ2016 ዓ.ም. ግን የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ የነበሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። በጌታና በሙያ የተጠራ ሰፈር ነዋሪው ከተበተነ ስሙም ለመጥፋት ይቀርባል። አምስት ኪሎን ቁጥሩ ያቆየዋል፤ ጎዳናው እስካለ ድረስ ልኩም አለና፤ ዶሮ ማነቂያን ግን የሚያቆየው የሰው ትዝታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእነዚያ ሰፈሮች የተነሣችሁ ወገኖች፣ በየቤታችሁ ያሉ አረጋውያን ሳይለዩ፣ የየመንደሩን፣ የየድልድዩንና የየቁልቁለቱን ስም ጠይቃችሁ ከነምክንያቱ በጽሑፍ አኑሩ።